የሙሽሪት መርፌ

ሙሽሪት በየቀኑ ጠዋት ትወልዳለች። በየቀኑ ጠዋት ትደማለች፤ በየቀኑ ጠዋትም ትድናለች። የአፋፍ ሜዳ ጤና ጣቢያ በር የሚከፈተው እሷ ከዳነች በኋላ ነው። ራሱን ያመመው፣ የሚያስለው፣ ትኩሳት ያለበት ሕፃን ያዘለችው ሁሉ ደጅ ላይ ተኮልኩሎ የሙሽሪትን መዳን ይጠብቃል።

አሻንጉሊት ናት። ገላዋ እንደ ሰው ይሞቃል፤ ደም ሲያንሳት ከንፈሯ ይነጣል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ደሟ ከአልጋው ሥር ካለ ጀሪካን በቱቦ ይመጣል። ከከተማ የመጣች ዕለት በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ ፊቷ ተሸፍኖ፣ በአራት ሰው ሸክም ስለገባች የሰፈሩ ሴቶች ሙሽሪት አሏት፤ በዚያው ጸና። ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው "ሙሽሪት፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይሏታል። ዛሬስ ምን ወለደች ብለው ሲጠይቁም አዋላጇ አስካለ ቀና ሳትል "ያው የትናንቱን ነው" ትላለች። ልጁም እውነትም ያው የትናንቱ ነው፤ ላስቲክ ነው፤ ታጥቦ ወደ ሆዷ ይመለሳል።

ሥርዓቱ አይለወጥም። አስካለ እጇን ትታጠባለች፤ መዳፏን ግድግዳው ላይ በታሰረው ሣጥን ክዳን ላይ ታሳርፋለች። ሣጥኑ በጨዋ ሴት ድምፅ "ልምምድ ነው ወይስ እውነተኛ?" ይላታል። "ልምምድ" ትላለች። ክዳኑ ይከፈታል። ደሙ ሲወርድ መርፌውን አውጥታ ሙሽሪትን ጭኗ ላይ ትወጋታለች፤ ሆዷን ታሽላታለች፤ ደሙ ይቆማል። ያን ጊዜ በአስካለ ክንድ ላይ ያለው አምባር አረንጓዴ ይሆናል፤ ጣሪያው ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ይበራል፤ በሩ ይከፈታል። ጤና ጣቢያው ዝግጁ ነው ማለት ነው።

መርፌው ውስጥ ያለው መድኃኒት የምር ነው። ቀድሞ በቀለም ውሃ ነበር የሚለማመዱት፤ በኋላ የዝግጁነት ባለሥልጣን በውሃ የተለማመደ ለውሃ ብቻ ነው ዝግጁ የሚሆነው ብሎ አስቀረው። ስለዚህ በወረዳው ውስጥ የሙሽሪትን ጭን ያህል የታከመ ጭን የለም። ለልምምድ የወጣው በማግስቱ ይተካል፤ ለምን ወጣ ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ለእውነተኛ ሴት ግን ሣጥኑ ሌላ ጠባይ አለው። እውነተኛ ከተባለ ክዳኑ አይነሳም፤ አልጋው ይጠበቃል። አልጋው የሚወርደውን ደም ይመዝናል። ደሙ ከተሰመረለት ልክ ሲያልፍ ብቻ ሣጥኑ ይከፈታል።

አስካለ በተማረችበት ዘመን አሮጊቷ መምህሯ እንደ ተረት አድርገው ይነግሯቸው ነበር። ድሮ የምትወልድ ሴት ሁሉ፣ ደማችም አልደማችም፣ ልጁ እንደወጣ ያን መርፌ ትወጋ ነበር። ማንም ቆሞ ደም አይጠብቅም ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አሰላ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ባይወጉም ኖሮ አይደሙም ነበር፤ ስለዚህ አብዛኛው መርፌ ባክኗል አለ። ስሌቱ ትክክል ነበር። ያሰላው ሰው የቤቱ በር ቁልፍ እንደነበረው አያጠራጥርም፤ ሌባ ያልመጣባቸውን ሌሊቶች ቆጥሮ ግን ቁልፉን ብክነት አላለውም። ለሴቶች ሲሆን እንዲህ ያለ ሒሳብ ቶሎ ይጸድቃል። ጸደቀ።

ባለፈው ክረምት አትጠገብ የምትባል የሰፈሩ ልጅ እዚህ አልጋ ላይ ወለደች። አልጋው ጠበቀ፤ ደሙ ልኩን እንዳለፈ ሣጥኑ ተከፈተ፤ አስካለ ከሙሽሪት የተማረችውን ሁሉ ሳታዛንፍ አደረገች። አትጠገብ ሞተች። ባለሥልጣኑ ምላሹን መርምሮ እንከን የለሽ ነው አለ፤ ለጤና ጣቢያውም የምስጋና ወረቀት ላከ። ወረቀቱ አሁንም ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። አስካለ በዚያ በኩል ስታልፍ ፊቷን ወደ ሌላው ግድግዳ ታዞራለች።

ወረቀቱን የሰቀለው የጣቢያው ኃላፊ ናሁሠናይ ነው። ክፉ አይደለም። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ሳቁ ከቁመቱ የሚበልጥ፣ የጣሪያውን መብራት መሰላል ላይ ወጥቶ በገዛ እጅጌው የሚወለውል ሰው ነው። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቢጫ። መብራቱ ቢጫ ከሆነ ሣጥኑ ይቆለፋል፣ ጣቢያው ይዘጋል፣ አሞራውም አይመጣም። አሞራው ሴቶቹን ወደ ከተማ ሆስፒታል ወስዶ የሚያደርሰው በራሪ ነው። ከቁልቁለቱ በታች ያለው የቆላ በር ጣቢያ ቢጫ ከሆነ ወዲህ የገለባ መጋዘን ሆኗል፤ የዚያ ሰፈር ሰው አሁን ለአንድ ክኒን ግማሽ ቀን ይወጣል። ናሁሠናይ ይህን ስላየ ክረምት ሲቃረብ ነፍሰ ጡሮቹን ሁሉ እየለመነ፣ እየተቆጣ፣ ቀናቸው ሳይደርስ በአሞራው ከተማ ያሰፍራቸዋል። እዚህ ማንም ካልወለደ እዚህ ማንም አይደማም፤ ምጥ ቀድሟት የቀረች አትጠገብ ብቻ ናት። በዚህ ዘዴ አፋፍ ሜዳ አሥር ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ሆና ቆየች።

ያን ዕለት አሥረኛው ዓመት ይከበር ነበር። ተቆጣጣሪዋ ማዕዶት ከከተማ መጥታ እኩለ ቀን ላይ ልምምዱን በዓይኗ ታያለች ተብሎ ነበር። ናሁሠናይ ክራቫት አሰረ፤ ሙሽሪት ታጠበች፣ ጸጉሯ ተበጠረ። ጠዋት ግን ከገደሉ ሥር ጉም ተነሥቶ ሜዳውን ዋጠው። ተቆጣጣሪዋ መብረር አልቻለችም፤ በግድግዳው ዓይን ሆኜ አያለሁ ብላ ላከች።

ከረፋዱ በኋላ የሰፈሩ ባልቴት እማማ ሶልያና ዘነቡን ደግፈው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። በእሳቸው የልጅነት ዘመን ሶልያና የሕፃን ስም ነበር፤ አሁን ሶልያና ሲባል ሰው የሚያየው ምርኩዝ የያዘች አሮጊት ነው፤ አስካለና ዘነቡ የሚሉት ስሞች ደግሞ ተመልሰው የወጣት ሆነዋል። ዘነቡ የአስካለ ባል ታላቅ እህት ናት። ምላሷ የታወቀ ነው። አስካለ ለዚያ ቤት የታጨች ዕለት፣ ወንድሜ ሚስት አገባ ወይስ መርፌ ብላ የሠርጉን ድንኳን አስቃለች። ያን ጊዜ ያኮረፈችው አስካለ ዛሬ ከባሏ ይልቅ ከዘነቡ ጋር ነው ወሬዋ።

ዘነቡ በነገው አሞራ ልትሄድ ነበር። ምጡ ግን ቀድሟት መጣ። ደረጃው ላይ ቆማ የበሩን መቃን ጨብጣ ተነፈሰችና የተሰቀለውን አበባ አየች።

"ለኔ ነው እንዴ ይኼ ሁሉ ሽርጉድ?" አለች።

"ለመብራቱ ነው፣ እታለም" አለቻት አስካለ፣ ብብቷ ሥር ገብታ እየደገፈቻት።

"እኔማ ማን አስቦኝ። እንዲያው ምራታችን ተለወጠች እንዴ ብዬ ነው።"

ናሁሠናይ ስልኩን ይዞ ወዲያና ወዲህ አለ። አሞራው በጉሙ ምክንያት አይነሣም ተባለ። እንደገና ደወለ፤ እንደገና ጉም ነው ተባለ። እማማ ሶልያና መንገድ ላይ ምጡ ሦስት ጊዜ እንዳንበረከካት ተናግረው፣ የዘነቡን የመጀመሪያ ልጅ አቤልን ከጎረቤት ጥለው ስለመጡ ተመለሱ። አስካለ ዘነቡን ከመጋረጃው ጀርባ ባለው ጠባብ አልጋ ላይ አጋድማ መረመረቻት። ልጁ ቅርብ ነው። ጉሙ እስኪገልጥ የሚቆይ ልጅ አይደለም።

እዚያ መጋረጃ ጀርባ ዘነቡ ቀልዷን ተወች። አቤልን የወለደችው በአሞራው ውስጥ፣ ከደመና በላይ ነበር። ከወለደች በኋላ ከወገቧ በታች ሲሞቃት ልጁ የሸና መስሏት ነበር። ሲያወርዷት ነፍሷን አታውቅም። የተረፈችው አሞራው ሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ ሊያርፍ ትንሽ ቀርቶት ስለነበር ነው፤ ትንሽ ቢርቅ ኖሮ አትኖርም፤ ይህን የነገሯት ዶክተሮቹ ራሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ እንዲህ የደማች ሴት ደግማ የመድማቷ ነገር እንደሚያሰጋም ነግረዋታል። የአስካለን እጅ ያዘች።

"አሁንም እንደዚያ ነው የምሆነው?" አለቻት ቀስ ብላ።

አስካለ እጇን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀቻት፤ ተነሥታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ናሁሠናይን ያዘችውና ሣጥኑ አሁን ይከፈትልኝ አለችው፤ ልጁ እንደወጣ ልውጋት፤ ደም አልጠብቅም። ናሁሠናይ በለሆሳስ መለሰላት። እሱ ቢፈልግም ክዳኑ እንደማይነሳ፣ ሰብረው ቢከፍቱት መብራቱ በዚያው ቅጽበት ቢጫ እንደሚሆን፣ ቢጫ ከሆነ የሚጎዳው የዘነቡ ልጅ ሳይቀር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደሆነ አስረዳት። አልጋው አለ፤ ደም ከመጣ እኮ ወዲያው ይከፈታል አላት።

"ለአትጠገብም ወዲያው ተከፍቷል" አለችው።

አትጠገብን ከአልጋው ላይ ያነሣት ናሁሠናይ ነበር፤ ከባድ ነው፣ ሌላ ሰው ልጥራ ብትለው አስካለ እንቢ ብሎ ብቻውን ነው የተሸከማት። ክራቫቱን አላላ። "እንዲህ አድርገሽ አትምቺኝ፣ አስኩ" አላት። "ምን ላድርግ? ንገሪኝና ላድርገው።"

አስካለ ለምን በዚያ ሰዓት ዓይኗ ሙሽሪት ላይ እንዳረፈ ኋላም ልታስረዳው አልቻለችም። ሙሽሪት ለበዓሉ ተበጥራ፣ አንገቷ ላይ አበባ ተደርጎላት፣ በትልቁ አልጋ ላይ ተንጋላ መርፌዋን ትጠብቃለች። አስካለ የመድኃኒቱን ታሪክ፣ የመምህሯን ተረት፣ አትጠገብን፣ የሰቀሉትን ወረቀት በአንድ ጊዜ አሰበች፤ ንዴት ከእግሯ ጀምሮ ወጣባት። ይህ ሁሉ መድኃኒት ለላስቲክ ጭን። ለላስቲክ ጭን ማንም ለምን አይልም።

"ጋሽ ናሁሠናይ፣ ይችን ሴትዮ ከአልጋዬ ላይ አንሣልኝ" አለች።

ነገሩ የገባው ሙሽሪትን ግማሽ መንገድ ከተሸከማት በኋላ ነው። ቆመ። ሰውን ልምምድ ነው ብሎ ማስመዝገብ ፈቃድ እንደሚያስነጥቅ፣ እስርም እንዳለበት፣ ተቆጣጣሪዋም በዓይኗ እያየች መሆኑን እያከታተለ ተናገረ፤ ሙሽሪት ደግሞ በትከሻው ላይ ጸጉሯን አንጠልጥላ ትሰማዋለች። አስካለ ተቆጣጣሪዋ የምታየው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። የታካሚ ክብር እንዳይነካ ብሎ ባለሥልጣኑ ራሱ ባወጣው ደንብ፣ የግድግዳው ዓይን አልጋ ላይ የተኛን ሁሉ እንደ ግራጫ ጥላ ብቻ ነው የሚያሳየው። አሻንጉሊትም ቢሆን።

ከመጋረጃው ጀርባ የዘነቡ ድምፅ መጣ። "ጋሼ፣ አሻንጉሊት ሁኝ ካላችሁኝ እሆናለሁ። ሬሳ ከመሆን ይሻላል።"

ናሁሠናይ ሙሽሪትን ቢሮው ውስጥ ወስዶ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት። አልቀመጥ ብላ ስትንሸራተት በክራቫቱ አሰራት። አስካለም ዘነቡን ወደ ትልቁ አልጋ አዛወረቻት።

እኩለ ቀን ላይ ግድግዳው በራ። ተቆጣጣሪ ማዕዶት ጎልማሳ ሴት ናት፤ ፊቷ ደክሟል፤ ከኋላዋ የብዙ ጣቢያዎች መብራት በረድፍ ይታያል። የእንኳን አደረሳችሁ ንግግሯን ባጭሩ አደረገች። ጉሙ ስላስቀረኝ አዝናለሁ አለች፤ እውነቷንም ይመስላል። ከዚያ ልምምዱ ይጀመር አለች።

አስካለ መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳረፈች።

"ልምምድ ነው ወይስ እውነተኛ?" አለ ሣጥኑ።

"ልምምድ" አለች አስካለ። ክዳኑ ተነሣ። መርፌዎቹ እንደ እንቁላል በየጉድጓዳቸው ተደርድረው ታዩ።

ዘነቡ ጥርሷን ነክሳ ለትንሽ ጊዜ አሻንጉሊት ለመሆን ሞከረች። አልተሳካላትም። ሁለተኛው ምጥ ሲመጣ የገዛ ባሏን፣ የባሏን አባት፣ አሞራውን፣ ጉሙንና ምራታቸውን በየተራ አነሣች። ናሁሠናይ ዓይኑን ጨፈነ። ተቆጣጣሪዋ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አቀረበች።

"አዲሱ ሞዴል ነው?" አለች። "የድምፁ ጥራት ጥሩ ነው። ስድቡ ብቻ ትንሽ በዝቷል፤ ለአምራቾቹ አሳስባለሁ።"

"እሷስ በዝቶባታል" አለች አስካለ ከዘነቡ ጉልበት መካከል። "አይዞሽ፣ እታለም። አሁን አትግፊ። ተንፍሺ። ዓይኔን እይኝ።"

እዚህ ላይ አስካለ በየጠዋቱ ያልተማረችው ነገር ገጠማት። ሙሽሪት እጇን ይዛት አታውቅም። ዘነቡ ክንዷን፣ አምባሩ ያለበትን፣ ጨምድዳ ይዛ አልለቅ አለች፤ አስካለም አላስለቀቀቻትም። በአንድ እጇ አዋለደች። ጭንቅላቱ ወጣ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ፤ ሴት ልጅ፣ ርጥብ፣ የተቆጣች። አስካለ በፎጣ አባብሳ በእናቷ ደረት ላይ አስተኛቻት። ልጅቱ አለቀሰች። ተቆጣጣሪዋ ልቅሶውም ጥሩ ነው ብላ ጻፈች።

አስካለ የዘነቡን ሆድ ዳሰሰች፤ ሌላ ልጅ የለም። እጇን ወደ ሣጥኑ ዘረጋች፤ መርፌውን አነሣች፤ ዘነቡን ጭኗ ላይ ወጋቻት። ደም ሳይጠየቅ፣ አልጋው ሳይመዝን፣ ወዲያው። መምህሯ ተረት አድርገው የነገሯት እንዲህ ነበር።

"የደም መፍሰስ ይጠበቃል" አለ ሣጥኑ።

ጠበቁ። የጠበቀው ሣጥኑ ብቻ አልነበረም። አስካለ እትብቱን ቆርጣ፣ እንግዴ ልጁን በቀስታ ተቀብላ፣ ሙሉ መሆኑን አገላብጣ አይታ፣ እጇን በዘነቡ ሆድ ላይ አሳርፋ ቆመች። ናሁሠናይ አልጋው ሥር ተንበርክኮ አንሶላውን እያነሣ ያያል። ዘነቡ ጣሪያውን እያየች፣ ከወገቧ በታች ያ ሙቀት መጣ አልመጣ እያለች ታዳምጣለች። ከንፈሯ ደርቋል። ልጅቱን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ራሷ የምትወድቅ ከሆነ ልጅቱ አብራት እንዳትወድቅ አጥብቃም አልያዘቻትም።

በአስካለ መዳፍ ሥር ማህፀኑ መጀመሪያ ለስላሳ ነበር። የአትጠገብም እንዲህ ነበር፤ እንደ ተቦካ ሊጥ፣ ብትጫኚው የማይመለስ፤ እንደዚያው ሆኖ ቀረ። አስካለ አሸችው፤ ጠበቀች። ከዚያ ከእጇ ሥር የሆነ ነገር ተሰበሰበ፤ ጠበብ አለ፤ ጠጠረ። እንደ ልጅ ጭንቅላት ክብ ሆኖ መዳፏን ገፋት።

"የደም መፍሰስ ይጠበቃል" አለ ሣጥኑ ደግሞ።

ናሁሠናይ ከአልጋው ሥር ቀና አለ። በአንሶላው ላይ የነበረው ደም ማንኛዋም ወላድ የምታየው ያህል ነው፤ የጨመረ ነገር የለም። የለም ለማለት ራሱን ነቀነቀ። አስካለ ጎንበስ ብላ ግንባሯን ከዘነቡ ግንባር ጋር አገናኘች።

ተቆጣጣሪዋ ግን ፊቷን አጨማድዳለች። ልምምዱ ስንት ቦታ እንደተዛነፈ በትሕትና ዘረዘረች። ደሙ ሳይመጣ መርፌው ተሰጥቷል፤ ስለዚህ ደሙ አልመጣም፤ ደም ካልመጣ ደግሞ ዝግጁነቱን መመዘን አይቻልም። ይህ ከሆነ ልምምዱ እንደገና ይደረግ ብላ ልትቀጥል ስትል ልጅቱ አስነጠሰች።

ትንሽ ማስነጠስ ነበረች፣ የድመት ያህል። ሁለተኛ አስነጠሰች።

አሻንጉሊት አያስነጥስም። ማንም ለአሻንጉሊት ይህን አላሰበለትም፤ ለልምምድ አያስፈልግምና። ተቆጣጣሪዋ የምትጽፍበት እጇ ባለበት ቆመ። ናሁሠናይ በችኮላ አዲሱ ሞዴል እኮ ብሎ ጀመረ። አስካለ አስቆመችው። ለምን እንዳስቆመችው ኋላ ሲጠይቃት፣ ይህችን ልጅ ደግሞ ከተወለደች ሩብ ሰዓት ሳይሞላት ላስቲክ ናት ልንል ነው ወይ ብላዋለች።

"ሰው ናት" አለች ወደ ግድግዳው ዞራ። "እናቷም ሰው ናት። ዘነቡ ትባላለች።"

ዘነቡ ትራሱ ላይ እንደተጋደመች፣ አሁን ስድቡን ለማን እንደሚያሳስቡ ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር፤ አቅም አጣች።

ተቆጣጣሪዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። በፊቷ የተከፈተው ገጽ መልስ ይፈልጋል፤ ገጹ ላይ ያለውን ጥያቄ አነበበች እንጂ ከራሷ አላወጣችውም።

"ደም አልነበረም" አለች። "ታዲያ መድኃኒቱ ለምን ተሰጠ?"

"እንዳይኖር ነዋ።"

ማዕዶት ጎንበስ ብላ ከተሰጧት ምርጫዎች ውስጥ ይህን መልስ ፈለገች። ወደ ላይ ሄደች፣ ወደ ታች ሄደች። አልነበረም። "የለም እኮ" አለች፤ ለማን እንደተናገረች አይታወቅም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መብራቱ በእሷ ትእዛዝ እንደማይለወጥ፣ በራሱ እንደሚለወጥ፣ እሷ ይግባኝ ብላ ልትጽፍላቸው እንደምትችል፣ መልሱ ግን መቼ እንደሚመጣ እንደማታውቅ ነገረቻቸው። ልትዘጋ ካለች በኋላ ተመለሰች።

"ሁለቱም ደኅና ናቸው?" አለች።

"ደኅና ናቸው" አለች አስካለ።

ማዕዶት አንድ ነገር ልትጨምር ፈልጋ ነበር። ግድግዳው ጠፋ። በአስካለ ክንድ ላይ ያለው አምባር ቀለሙን ለወጠ፤ በመስኮቱ በኩል የሚታየው ጉም ደግሞ ከላይ በሚወርድ ብርሃን ተነክሮ ቢጫ ሆነ። አሥሩ ዓመት አበቃ። ሣጥኑ በዚያው ጨዋ ድምፅ፣ ጣቢያው ዝግጁ ስላልሆነ መድኃኒቱ እስከ ተጨማሪ ትእዛዝ እንደሚቆለፍ አስታወቀ። ክዳኑም ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ።

አስካለ ዘነቡን ይዛለች፤ እጇን ከማህፀኑ ላይ ልታነሣ አትችልም። መርፌዎቹን አየቻቸው። ውዴ ነገር የምትባል አለች፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት፣ በሰኔ መጨረሻ የምትወልድ፤ የመምህሩ ልጅም አለች፤ ሌሎችም አሉ። አሞራው ከዛሬ ጀምሮ አይመጣላቸውም።

ጠቅ የሚል ድምፅ አልመጣም። በምትኩ የታፈነ፣ ቆዳ ሲጨመቅ የሚሰማ ድምፅ መጣ። ዞር ብላ ስታይ ናሁሠናይ በአንድ እግሩ ቆሟል። የቀኝ ጫማው፣ ለበዓሉ ጥቁር ቀለም የተቀባው፣ በክዳኑና በሣጥኑ አፍ መካከል ተሰንቅሯል። የካልሲው አውራ ጣት ተቀዷል። ፊቱ ገና እንደፈራ ነው።

"ባዕድ ነገር ገብቷል" አለ ሣጥኑ። "እባክዎ ባዕዱን ነገር ያስወግዱ።"

"ጋሼ፣ ጫማህን ነው የሚልህ" አለች ዘነቡ ከትራሱ ላይ፣ ልጅቷን እያስጠጋች።

"ሰምቼዋለሁ" አለ ናሁሠናይ። ግራውንም አወለቀ፤ ጎንበስ ብሎ ከቀኙ ጎን አጥብቆ ሰነቀረው፤ ከዚያ በካልሲው ውሃ ሊያፈላ ሄደ።